የጳጉሜን ደመወዝ

ኤሌኒ፣ ደብተሩን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። እህትሽ አስቴር አላጠፋችም። አጥፍቻለሁ የሚል ወረቀት ላይ ፈርማለች፤ ፊርማው የእሷ ነው፣ ቃሉ ግን እውነት አይደለም። የቀረውን በየቀኑ እንደጻፍኩት ትቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የራሴን ሳላርም ስሰጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1979፣ መካኒሳ

አስቴር ራት ላይ ተናገረች። መሥሪያ ቤቷ አዲስ ባቋቋመው የኮምፒዩተር ክፍል ለፕሮግራመርነት ተፈትና አልፋለች። የሒሳብ ሠራተኛነቷን ትታ ወደዚያ ልትዛወር ትፈልጋለች።

አልወደድኩትም። በኮርፖሬሽኑ ሒሳብ ክፍል ወንበር ያገኘ ሰው ወንበሩን ይዞ ይኖራል። አዲስ ክፍል ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ምክንያቶቼን በተራ በተራ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ሒሳብ ክፍል አንዱኑ ፔሮል በየወሩ በእጄ እገለብጣለሁ። እዚያ ግን አንድ ጊዜ በትክክል ከጻፍኩት ማሽኑ ሁልጊዜ ይሠራዋል።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«እሱንም ሁልጊዜ ይሠራዋል» ብላ ሳቀች።

እናቷ አልሳቀችም። አረጋሽ «ጌታ ያውቃል» አለችና ሳህኖቹን አነሳች።

ግንቦት 25

መልቀቂያ ተከለከለች። የሒሳብ ሹሙ ጓድ በኃይሉ «ሰኔ ሳይዘጋ ከዚህ ክፍል ዝንብ አትወጣም» ብሏታል። ቀጥሎም «እዚህ ሰው ነሽ። እዚያ የማሽን ቆስቋሽ ነው የምትሆኚው» አላት። ከኋላዋ አንዱ፣ «ጴንጤዋ ከሰው ጋር መጸለይ ቢከለከልባት ከማሽን ጋር ልትጸልይ ነው» ሲል ሰምታለች። ክፍሉ በሙሉ ስቋል። ለእናቷ አልነገረቻትም። ለእኔም የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ተዪው አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን ከልጅነቷ አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት አይደለም።

ሰኔ 4

ተፈቀደላት። ግን እንዲህ ነው፦ ቀን ሒሳብ ትዘጋለች፣ ከሥራ በኋላ ኮርሱን ትማራለች፣ በዚያ ላይ ለሐምሌ ደመወዝ የሚደርስ የፔሮል ፕሮግራም ትጽፋለች። ካልደረሰ ተግሣጽ ተጽፎባት ወደ ሒሳብ ክፍል ትመለሳለች። በኃይሉ በዚህ አስፈርሟታል።

ሰው በዚህ አኳኋን ይሠራል? አረጋሽ ጠየቀችኝ። 

ሰኔ 11

ሥራዋን ለማወቅ ያህል ጠየቅኋት። የምትጽፈው ኮቦል በሚባል ቋንቋ ነው። ካሬ ካሬ በተሠመረ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ፊደል በየቤቷ ታስገባለች። ወረቀቱ ወደ ካርድ መብሻ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ሐሚዳ የምትባል ጓደኛዋ ካርድ ላይ ትበሳዋለች፤ ካርዱን ማሽኑ ያነበዋል። ማሽኑን ለሙከራ የምታገኘው በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ስህተት ካለ እቤት፣ ወረቀቱ ላይ መገኘት አለበት።

ይህ እርማት ነው። እርማት ደግሞ እችላለሁ።

ሠንጠረዥ እሠራለሁ። በአንደኛው ዓምድ ትእዛዙን፣ በሁለተኛው የወሩን ቁጥር፣ በሦስተኛው የሠራተኛውን ደመወዝ እጽፋለሁ። ከዚያ ራሴን ማሽን አድርጌ፣ ምንም ሳልገምት፣ መስመር በመስመር እወርዳለሁ። ማሽኑ እንደ ታዛዥ ተማሪ ነው። ያልተነገረውን አያውቅም፣ የተነገረውን ለምን አይልም። ትናንት መጨረሻው ላይ ነጥብ የጎደለው መስመር አገኘሁባት፤ ያቺ ነጥብ ባትኖር ማሽኑ ሥራውን እንደሚያቆም ነገረችኝ። ዛሬ ሌላ አገኘሁ።

«አባዬ፣ ስደክም አንተ አርምልኝ። እኔ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ» አለችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀዩ እስክሪብቶዬ ደርቆ ነበር። አዲስ ገዛሁ።

ሰኔ 17

የአስቴር እጅ ጽሕፈት እየተበላሸ ነው። ትናንት ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ፊቷ ላይ የካሬው መስመር ታትሞ ተነሳች። ሥራውን እየወደድኩት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ 22

ትልቋ ልጄ ኤሌኒ ከሶዶ መጥታ ሰነበተች። ነርስ ናት፤ ለስልጠና ጠርተዋት ነው። ነገ ትመለሳለች። አስቴር የቀበሌ ስብሰባ ላይ። ወረቀቷን አየሁላት። ጥቂት አረምኩ። ዝናብ።

ሰኔ 23

ኤሌኒ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። አስቴር ያረምኩትን ገልብጣ ይዛ ወጣች። የድሮውን ወረቀት እናቷ ከሰል ማያያዣ አደረገችው።

«አየሽው?» አልኳት በር ላይ።

«አየሁት አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ነበር።

ሐምሌ 28

የሐምሌ ደመወዝ በማሽን ታትሞ ወጣ። የሁሉም ቅርንጫፍ ሠራተኛ ስም፣ ደመወዝ፣ ተቀናሽ፣ አንድም ሳይዛነፍ። በኃይሉ ራሱ በእጁ ደምሮ አመሳከረው ይባላል። አስቴር እንዳለችው ወረቀቱን መልሶላት ሻይ አዘዘ። ለእሷም ጭምር።

ማታ የእምነት ወንድሞችና እህቶች መጥተው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አመሰገንን። አንዱ ወንድም፣ ልጅቷ ይህን ሁሉ ብቻዋን? ሲል ጠየቀ። ትንሽ ትንሽ እያየሁላት ነው አልኩ። አስቴር፣ «ትንሽ አይደለም፣ ግማሹ የአባዬ ነው» አለች።

ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ነሐሴ 27

የነሐሴውም በትክክል ወጣ። ሲታተም ግን አስቴር ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ወጣት ሠራተኞች ሁሉ ለሪፐብሊኩ ምሥረታ ሰልፍ ልምምድ ተወስደዋል። እግሯ አብጦ ትመጣለች። ማሽኑን የሚያስነሱት ሌሎች ናቸው፤ ካርዱን ማስገባት ብቻ ነው አለች፣ የቀረውን ፕሮግራሙ ያውቃል።

ኤሌኒ ከሄደች ወዲህ አልጻፈችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ጳጉሜን 4

ገዲሴ በግ እየጎተተች አጥር ላይ ጠራችኝ። ጎረቤታችን ናት፤ የአዛውንቱ የዳባ ምራት፤ የአስቴር መሥሪያ ቤት አንደኛው ቅርንጫፍ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ ተካ፣ ይመርቁኝ። የጳጉሜን ደመወዝ በላሁ።»

«የምን ደመወዝ?»

«የጳጉሜን ነዋ። ለስድስት ቀን የወር ሙሉ። ለሪፐብሊኩ ምሥረታ መንግሥት የሰጠን ነው አሉን።»

«ማን አለ?»

«ገንዘብ ከፋዩ። እሱንም ማን እንዳለው እንጃ። ገንዘብ ሲቆጥሩልዎት ማን አዘዘ ብለው ይጠይቃሉ?» በጉ ሊያመልጣት ሲል ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለች። «የስማችን ዝርዝር በማሽን ታትሞ ነው የመጣው። የአስቴር እጅ አለበት ብለን መረቅናት። አማቴ ምን እንዳለ ልንገርዎት? አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ብቻ ነበራት፣ አሁን ደመወዙም ደረሰ አለ።»

ሳቅሁላት። ደስ አለኝ አልኳት። ራት አልበላሁም። አረጋሽ ሆድህን ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት።

ጳጉሜን 5

አስቴር ሰልፍ ላይ። ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ። ምናልባት በእርግጥም ስጦታ ይሆናል። ሊሆን ይችላል።

መስከረም 3 ቀን 1980

ስጦታ አይደለም።

አስቴር ከሥራ በጊዜ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ እንዲህ አለች። ፕሮግራሙ ወሮችን በቁጥር ይቆጥራል። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያለ ነሐሴ አሥራ ሁለት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሲሞላ ወደ አንድ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ወደ አሥራ ሦስት አልፎ ለጳጉሜን ሌላ ፔሮል አተመ። ከነሐሴው ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ፣ ለበዓሉ ይድረስ ተብሎ፣ ማኅተም ተመቶበት ወጣ። የቀሩት ቅርንጫፎች ከሒሳብ ክፍል ጠይቀው አቆሙት። አንደኛው ሳይጠይቅ ከፈለ። ለሪፐብሊኩ የመጣን ስጦታ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ስትናገር ወደ እኔ አላየችም።

«ጳጉሜንስ ወር አይደለችም?» አልኩ። ይህንን ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ወር ናት አባዬ። ግን አይከፈልባትም።»

አይከፈልባትም። መምህር ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጳጉሜንን ከሱቅ በዱቤ እየበላሁ የተሻገርኩ ሰው ነኝ። ይህን ከእኔ ይበልጥ ማን ያውቃል? የማውቀው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሆዴ ያውቀዋል። እጄ የሚያውቀው ጥቁር ሰሌዳውን ነው።

ራሴን አሞኛል። እዚህ ላይ አቆማለሁ።

መስከረም 8

አስቴርን ከሥራ ቦታዋ ወሰዷት። የነገረችን ሐሚዳ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በር ላይ ቆመች፣ ግቢ ብንላትም አልገባችም።

«ሁለት ሰዎች መጡ፣ ስሟን ጠሩ፣ ቦርሳዋን አንሺ አሏት። አሻጥር ነው ይላሉ።»

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ የበሳሽው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ አባባ። ያየሁትን ነው የበሳሁት። አሥራ ሦስት ይላል፣ የእሷ ጽሕፈት ነው። ጠየቁኝ፣ ይህንኑ አልኩ። ምን ልበል? ልጆች አሉኝ።»

ትክክል ነሽ አልኳት። ትክክል ናት። አስቴር የገለበጠችው በእጇ ነው።

መስከረም 10

ከቀበሌው በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ናት። ስንቅ ተቀበሉ። ማየት አይቻልም።

መስከረም 12

ስንቅ። ሳህኑ ባዶ ተመለሰ፤ በልታለች ማለት ነው። ወይም ሌላ ሰው በልቷል። አረጋሽ ሳህኑን አገላብጣ ታያለች።

መስከረም 15

ከገዲሴ የወር ደመወዝ ላይ መቁረጥ ሊጀምሩ ነው። ዛሬ አጥሩ አጠገብ ሳገኛት ሰላምታ ነፈገችኝ። አልፋ ከሄደች በኋላ ዞራ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ በጉን እኛ በላነው፣ አሁን በጉ እኛን ሊበላን ነው። አልለመንም። ስጡን ብለን አልለመንም።»

«ስህተት ነው ገዲሴ።»

«የማን?»

አረጋሽ ከጓሮ ስትመጣ ገዲሴ ድምፅዋን ቀነሰች። «ልጅቱን አይደለም የምረግመው» አለች፣ «ማሽኑን ነው።»



መስከረም 21

በኃይሉ እቤት ድረስ መጣ። አልጠበቅነውም። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ያሽከረክር ነበር።

«ሒሳብ ክፍል ብትቆይ እኔ አለሁ እላት ነበር፣ መምህር» አለኝ። «እዚያ አንድ ሰው ይጽፋል፣ ሁለተኛው ያመሳክራል፣ ሦስተኛው ይፈርማል። ጳጉሜን ብሎ የሚጽፍ እብድ ቢገኝ እንኳ ሁለተኛው ይስቅበታል። እዚያ ግን ሁለተኛ ሰው የለም።»

ሁለተኛ ሰው ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አረጋሽ ሻይ ይዛ ገባች። ዘጋሁት።

ሲወጣ በር ላይ እንዲህ አለኝ፤ ነገሩን ከሃይማኖቷ ጋር እያያያዙት ነው። በዓሉን ለማሰናከል ከላይዋ ያዘዛት አለ ወይ ብለው ይጠይቋታል። «አንድም ስም አልተናገረችም አሉ። ወረቀቱ ላይ ብቻዬን ነኝ ብላ ፈርማለች።»

መስከረም 22

ብቻዬን ነኝ።

መስከረም 26

ሄድኩ። ለአረጋሽ ስንቅ ላደርስ ነው አልኳት።

መርማሪው ወጣት ነው። «ይቀመጡ አባት» አለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት።

«ልጅ የታሰረበት አባት ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት፤ ካሬውን ወረቀት፣ ሠንጠረዡን፣ ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ የሚመለሰውን ቁጥር። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። መሐል ላይ ሲያዛጋ አየሁት። ከዚያ ሰው ልኮ አስቴርን አስጠራት።

እናቷ የላከችላትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ሰፍቷታል።

«አባትሽ ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይላል።»

ከመስከረም 3 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። «አባቴ ኮቦል አያውቅም» አለች። «ጡረተኛ ነው፣ ሥራ ስለሌለው አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ዝም ብዬ ነው የማስቀምጠው። ወረቀቴን ነክቶ አያውቅም።»

ወሰዷት። በዚህ ቃል ልታድነኝ ነው የፈለገችው፤ ገብቶኛል። ከተናገረችው ውስጥ ይበልጥ ያመመኝ የትኛው እንደሆነ ግን መንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ አሳፈረኝ።

ከመውጣቴ በፊት መርማሪው፣ «ሲያደርጉት ያየ ሰው አለ?» ብሎኝ ነበር።  «ካለ ይዘው ይምጡ። ከሌለ ፋይሉ ጥቅምት ሲያልቅ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ እንደኔ ቁጭ ብሎ የሚሰማዎት አያገኙም።»

ጥቅምት 2

አረጋሽ ዛሬ ጠየቀችኝ። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ኤሌኒ ለምን አትጽፍም? እህቷ መታሰሯን ጽፈንላታል። የማንም ልጅ ስለ እህቱ ይጠይቃል።»

«ባሏ የፓርቲ አባል ነው፣ ትፈራለች።»

«እሱስ ይሁን። ከመታሰሯ በፊት ለምን አልጻፈችም?»

ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ሰኔ 22 ቀን ጥቂት አረምኩ ብዬ ያለፍኩትን ሙሉውን ነገርኳት፤ እዚህም እጽፈዋለሁ።

አስቴር ስብሰባ ላይ ነበረች። ኤሌኒ በዚህ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጣ ለአስቴር የልብስ ቁልፍ ትተክልላት ነበር። ሠንጠረዡን ስወርድ አሥራ ሁለት ላይ ደረስኩ፤ ወደ አንድ ተመለስ ይላል። ጳጉሜን የለችም። ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ነጥብ ሳይሆን ትልቅ ስህተት ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

«እህትሽ ጳጉሜንን ረስታለች» አልኩ።

«አባዬ ይቆይ፣ እሷ ትምጣ» አለች ኤሌኒ። «ምክንያት ይኖራታል።»

«ዓመት ስንት ወር ነው?»

ሳቀች። «ተው እንጂ አባዬ።»

«ስንት ወር ነው አልኩ።»

መርፌውን ይዛ እንደ ተማሪ ቀና አለች። «አሥራ ሦስት።»

«ጎሽ» አልኩና አሥራ ሁለቱን ሰርዤ በቀይ አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አስቴር ደክሟት መጣች። በቀይ ከሆነ ትክክል ነው ብላ ገለበጠችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በቀይ የጻፍኩትን ተከራክራኝ አታውቅም። አላስለመድኳትም።

አረጋሽ እስክጨርስ ሰማችኝ። የያዘችውን ልብስ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። «ለኤሌኒ ጻፍላት» ብቻ አለች። 

ጥቅምት 4

ኤሌኒ፣ ደብተሩን የሚያመጣልሽ ሰው የእምነት ወንድማችን ነው፤ በፖስታ መላክ አልፈለግኩም። ሶዶ ሁለት ቀን ያድራል።

ምን እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። መጥተሽ ከመርማሪው ፊት፣ አባቴ በቀይ ሲጽፍ አይቻለሁ እንድትዪ ነው። ይህን ብትዪ እኔን ያስሩኛል፤ ለእሱ ተዘጋጅቻለሁ፣ ሹራብም አለኝ። አንቺንም ለምን ዝም አልሽ ይሉሻል፣ የባልሽም ስም ይነሳል። ይህን አላቀልልሽም። ባትመጪ አልፈርድብሽም፣ እናትሽም እንዳትፈርድ እነግራታለሁ። ፋይሉ ግን ጥቅምት ሲያልቅ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ምስክር ምንም አይጠቅማትም።

ሦስት ወር ለምን ዝም እንዳልሽ ገብቶኛል። አሥራ ሦስት ያልሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ከዚያች ማታ ጀምሮም ስትጠረጥሪ ስለኖርሽ፣ የአንቺም ጥፋት የሚመስልሽ ከሆነ፣ አይደለም። ያን ጊዜ የጠየቅኩሽ መልሱን ይዤ ነው። አሁን የምጠይቅሽን መልስ ግን አላውቀውም። ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም? አዎ ወይም አይ በዪኝና በዚሁ ሰው እጅ ቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ ተካ